የብስክሌት ኮምፒውተር፦ ምን ይለካል? ማንስ ሊገዛው ይገባል?

እሑድ እሑድ ማለዳ ከአዲስ አበባ ወጣ ብለን ብስክሌት የምንጋልብ ጥቂት ተማሪዎችና መምህራን ነን። ከመካከላችን አንዱ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ለውድድር መዘጋጀት ከጀመረ ዓመት አልፎታል። በቅርቡ በአሜሪካ የሚኖሩት አክስቱ ደውለው፣ “ለገና ስመጣ ምን ላምጣልህ?” ብለው ይጠይቁታል። ወጣቱም ሳያመነታ፣ በታላላቅ ውድድሮች ላይ በጋላቢዎች ብስክሌት መሪ ላይ ተገጥሞ የሚያየውን ዘመናዊ የብስክሌት ኮምፒውተር ጠየቀ። አክስቱ ዋጋውን ሲያጠያይቁ ከ500 ዶላር በላይ መሆኑን ሰሙና ደነገጡ። “ልጄ፣ ብስክሌት ላይ ለምትለጠፍ ሰዓት ነው ይህ ሁሉ ብር? እስቲ ደግመህ አስብበትና ንገረኝ” አሉት።

ወጣቱ ጥያቄውን ወደ እኛ ይዞ መጣ። ጉዳዩ ለእርሱ ቀላል አልነበረም። አክስቱ በየዓመቱ አይመጡም፤ እንዲህ ያለው ዕድልም ቶሎ አይደገምም። በሌላ በኩል የብስክሌቱ ጎማዎች አልቀዋል፤ ባለፈው ክረምት በቁልቁለት ላይ የኋላው ጎማ ፈንድቶበት የተረፈው በዕድል ነው። የራስ መከላከያ ቆቡም ከዚያን ቀን ጀምሮ ተሰንጥቋል። እኛም “ግዛ” ወይም “አትግዛ” ብለን ከመፍረዳችን በፊት መሣሪያው በእርግጥ የሚለካው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚለካውና ልኬቱም ምን ያህል እንደሚታመን መመርመር እንዳለብን ተስማማን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምርመራ ውጤት ነው።

ከጎማ ዙር ቆጣሪ እስከ ሳተላይት

የጋለቡትን ርቀት የማወቅ ፍላጎት ከብስክሌቱ ጋር አብሮ ያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካዊው ከርቲስ ቪደር በጎማው እምብርት አጠገብ የሚገጠም ትንሽ ሜካኒካዊ ቆጣሪ ለገበያ አቀረበ። ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር በጎማው ላይ የተተከለ ጥርስ ቆጣሪውን ይገፋዋል፤ ዙሩ ሲደመር ርቀት ይሆናል።

ይህ መርሕ ዛሬም አልተለወጠም። የተለወጠው ጥርሱ በማግኔት፣ ቆጣሪውም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መተካቱ ነው። ዙሪያው 2.1 ሜትር የሆነ ጎማ በሰከንድ 4 ጊዜ ቢዞር ብስክሌቱ በሰከንድ 8.4 ሜትር ተጓዘ ማለት ነው፤ ይህም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባለቤቱ የጎማውን ዙሪያ በስሕተት 2.14 ሜትር ብሎ ቢመዘግብ ግን መሣሪያው 100 ኪሎ ሜትሩን 102 አድርጎ ያነባል። መሣሪያ የቱንም ያህል ቢረቅቅ የምንሰጠውን መረጃ ስሕተት መልሶ እንደሚሰጠን ከዚህ እንረዳለን።

ሌሎቹ ልኬቶች ተራ በተራ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 የፊንላንዱ ፖላር ኩባንያ ያለ ሽቦ የልብ ምትን የሚያነብ መሣሪያ አወጣ። በ1986 ጀርመናዊው መሐንዲስ ኡልሪክ ሾበረር ጋላቢው በፔዳል ላይ የሚያውለውን ፓወር የሚለካ መሣሪያ ይዞ ብቅ አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በጂፒኤስ የሲቪል ምልክት ላይ ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን ስሕተት አስቀረ። በዚህም ምክንያት እስከ 100 ሜትር ይደርስ የነበረው የአቀማመጥ ስሕተት በእጅጉ ቀነሰ፤ በኪስ ለሚያዙና በብስክሌት ላይ ለሚገጠሙ የጂፒኤስ መሣሪያዎችም በር ተከፈተ። ዛሬ ወጣቱ የተመኘው ኮምፒውተር እነዚህን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ አሰባስቦ የሚያሳይ ነው።

ፍጥነት የሚደብቀው ነገር

ብዙ ጀማሪዎች የልምምዳቸውን ጥራት በአማካይ ፍጥነት ይመዝናሉ። ይህ ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል።

በሜዳ ላይ የሚጋልብ ሰው በዋናነት ሁለት ነገሮችን ይታገላል። አንደኛው በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው ሰበቃ ሲሆን ሁለተኛው የአየር ተቃውሞ ነው። የአየር ተቃውሞ ኃይል ጋላቢው ከአየሩ አንጻር ባለው ፍጥነት ካሬ ልክ ይጨምራል። ጋላቢውና ብስክሌቱ በአንድነት 75 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፣ የአየሩ እፍጋትም በአዲስ አበባ ከፍታ እንደሚገኘው በሜትር ኪዩብ 0.95 ኪሎ ግራም ገደማ ነው እንበል። ለሰበቃውና ለጋላቢው አቀማመጥ የተለመዱ ግምቶችን ወስደን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመጋለብ የሚያስፈልገውን ፓወር ስናሰላ የሚከተለውን እናገኛለን።

ነፋስ በሌለበት 147 ዋት፤
በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የፊት ነፋስ ሲኖር 232 ዋት፤
ይኸው ነፋስ ከኋላ ሲሆን 86 ዋት።

በሦስቱም ጊዜ የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው አንድ ቁጥር ነው፤ 30። የጋላቢው ሰውነት ግን በመጀመሪያው ቀን በመጠኑ ሠርቷል፣ በሁለተኛው ደክሟል፣ በሦስተኛው አርፏል። ስለዚህ በፍጥነት ብቻ የሚመራ ሰው የነፋሱን ሥራ የራሱ ብርታት፣ የነፋሱንም ክፋት የራሱ ድካም አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከላይ ያየነውን የ147 ዋት ጉዞ በባሕር ጠለል ላይ ለማድረግ 179 ዋት ያስፈልግ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ አየሩ ይበልጥ የታጨቀ ነው። ቤልጅጋዊው ኤዲ ሜርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ለመስበር ወደ ሜክሲኮ ሲቲ የሄደው ያለምክንያት አልነበረም። ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ከፍታ የሳሳውን አየር እየሰነጠቀ 49.431 ኪሎ ሜትር ጋልቧል። ሆኖም ከፍታ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይወስዳል። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ በመሆኑ ሳንባችን የሚያገኘው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። አየሩን መሰንጠቅ ቀላል ነው፤ አየሩን መተንፈስ ግን ከባድ።

ፓወር እንዴት ይለካል?

ፓወር ማለት በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚሠራ የሥራ መጠን ነው። ፓወር ሜትር የሚባለው መሣሪያ በፔዳሉ ውስጥ፣ በፔዳሉ ክንድ ወይም በኋላ ጎማው እምብርት ላይ ይገጠማል። በውስጡ ስትሬን ጌጅ የሚባሉ ፀጉር ያህል የቀጠኑ የብረት ፈትሎች ተለጥፈዋል። ጋላቢው ፔዳሉን ሲረግጥ ክንዱ በዓይን በማይታይ መጠን ይጎብጣል፤ ፈትሎቹም አብረው ሲለጠጡ የኤሌክትሪክ ተቃውሟቸው በጥቂቱ ይለወጣል። ከዚህ ለውጥ የማዞር ኃይሉ፣ ማለትም ቶርኩ ይሰላል። ቶርኩ በዙር ፍጥነት ሲባዛ ፓወርን ይሰጣል። ለምሳሌ ጋላቢው በአማካይ 20 ኒውተን ሜትር ቶርክ እየፈጠረ በደቂቃ 90 ጊዜ ቢያዞር ፓወሩ 188 ዋት ገደማ ይሆናል።

የዚህ ልኬት ብልጫ ነፋስ፣ ዳገትና የመንገድ ሸካራነት የማያዛቡት መሆኑ ነው። አምራቾች የስሕተቱ መጠን ከመቶ 1 ወይም 2 እንደማይበልጥ ይገልጻሉ። ይሁን እንጂ ርካሽ የሆኑት ፓወር ሜትሮች የግራውን እግር ብቻ ለክተው ውጤቱን በ2 ያባዛሉ። ከጠቅላላው 200 ዋት ውስጥ የግራ እግሩ 96 ብቻ የሚያዋጣ ሰው 192 የሚል ንባብ ያገኛል። ስሕተቱ በየቀኑ አንድ ዓይነት ከሆነ ብዙ አይጎዳም፤ ሲደክመው የእግሮቹ ድርሻ የሚለዋወጥ ጋላቢ ግን ሊሳሳት ይችላል።

እዚህ ላይ ወጣቱ ያላሰበው አንድ ቁም ነገር ብቅ አለ። በመሪው ላይ የሚገጠመው ኮምፒውተር ራሱ ፓወርን አይለካም። የልብ ምትንም አይለካም። ኮምፒውተሩ በሬዲዮ ሞገድ ከሌሎች መሣሪያዎች የሚመጣለትን ቁጥር ተቀብሎ የሚያሳይና የሚመዘግብ ነው። ፓወር ሜትሩ ለብቻው የሚሸጥ ሲሆን ዋጋውም ብዙውን ጊዜ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ነው። እንግዲህ አክስቱ ያንን ውድ ስጦታ ይዘው ቢመጡ ወጣቱ በገጹ ላይ የሚያገኘው ፍጥነት፣ ርቀት፣ ሰዓት፣ ካርታና ከፍታ ይሆን ነበር። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹን ደግሞ በኪሱ ያለው ስልክ ይሠራቸዋል።

የልብ ምትና የከፍታ ንባብ

የልብ ምት ሰውነት ለሥራው የሚሰጠው ምላሽ ነው። በደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ስለሚያነብ በጥሩ ሁኔታ ይታመናል። ነገር ግን ልብ ለእግር ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ዘግይቶ ነው፤ ለግማሽ ደቂቃ የተደረገ ብርቱ ሩጫ በልብ ምት ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ሙቀት፣ የውኃ ጥም፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ከጉዞው በፊት የተጠጣ ቡናም ቁጥሩን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። በተጨማሪም “220 ሲቀነስ ዕድሜ” የሚለው የታወቀ ቀመር የብዙ ሰዎችን አማካይ እንጂ የአንድን ሰው ልብ አይገልጽም፤ የግለሰቦች ትክክለኛ ከፍተኛ የልብ ምት ከቀመሩ በ10 እና ከዚያም በላይ ምቶች ሊርቅ ይችላል። ስለሆነም ኮምፒውተሩ በዚህ ቀመር ተመርቶ የሚያወጣቸው የልምምድ ደረጃዎች እንደ መነሻ እንጂ እንደ ሕግ ሊወሰዱ አይገባም።

የከፍታ ንባቡም የራሱ ጉድ አለው። የተሻሉት ኮምፒውተሮች ከፍታን የሚለኩት በባሮሜትር ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ። በአዲስ አበባ ከፍታ የ1 ሄክቶፓስካል ለውጥ ከ10 ሜትር ትንሽ ከፍ ካለ የከፍታ ልዩነት ጋር ይስተካከላል። ይሁንና እንደኛ ባሉ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆኑ አገሮች የአየር ግፊቱ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ብሎ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱም ወደ 2 ሄክቶፓስካል ይደርሳል። በዚህ የተነሣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የዋለ መሣሪያ በቀትር በኋላ 20 ሜትር ያህል “ዳገት ወጥቶ” ሊገኝ ይችላል!

ዳገቱ ራሱ ሚዛን ነው

ታዲያ ፓወር ይህን ያህል የሚጠቅም ልኬት ከሆነና ፓወር ሜትሩ ከአቅም በላይ ከሆነ ምን ይደረጋል? መልሱን ያገኘነው ከገበያ ሳይሆን ከፊዚክስ ትምህርት ነው።

3 ኪሎ ሜትር ርዝመትና በአማካይ ከመቶ 6 ተዳፋት ያለው ዳገት እንውሰድ። ጋላቢው ከግርጌ እስከ አናት 180 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። 75 ኪሎ ግራሙን ወደዚያ ለማንሣት የሚሠራው ሥራ 75 × 9.8 × 180፣ ማለትም ወደ 132,300 ጁል ነው። በ18 ደቂቃ፣ ማለትም በ1,080 ሰከንድ ቢጨርሰው በስበት ላይ ብቻ ያዋለው ፓወር 122.5 ዋት ሆነ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ የአየር ተቃውሞ የሚወስደው 4 ዋት ገደማ ነው፤ የጎማ ሰበቃ ደግሞ 12 ዋት ያህል ይወስዳል። ከጠቅላላው 139 ዋት ውስጥ ከመቶ 88 የሚሆነውን የሚወስደው ስበት ነው፤ ስበት ደግሞ እንደ ነፋስ አይለዋወጥም።

እንግዲህ በሜዳ ላይ ከንቱ የሆነው የሰዓት ቆጣሪ በዳገት ላይ ፓወር ሜትር ሆነ ማለት ነው! ያው ጋላቢ ከሁለት ወር ልምምድ በኋላ ያንኑ ዳገት በ16 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ቢወጣው በስበት ላይ ያዋለው ፓወር ወደ 136 ዋት አድጓል፤ ይህም ከመቶ 11 መሻሻል ነው። ምናልባት የዳገቱን ከፍታ ስንለካ ጥቂት ሜትር ተሳስተን ይሆናል። ቢሆንም ስሕተቱ በሁለቱም ቀን አንድ ስለሆነ የመሻሻሉ መቶኛ አይለወጥም። በልምምድ ውስጥ ከፍጹም ትክክለኛነት ይልቅ ራስን ከራስ ጋር በአንድ ሚዛን ማወዳደር ይበልጣል የምንለው ለዚህ ነው። መጠንቀቅ ያለብን ተመሳሳይ ዳገት፣ ተመሳሳይ ጭነት፣ በደንብ የተነፋ ጎማና በቂ ዕረፍት መኖራቸውን ነው።

ለዕለት ተዕለቱ ልምምድ ደግሞ ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ። አሜሪካዊው የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪ ካርል ፎስተር ያስፋፋው ዘዴ የሚፈልገው ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው። ጋላቢው ልምምዱን ከጨረሰ በኋላ ምን ያህል እንደከበደው ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ይገምታል፤ ግምቱንም በደቂቃዎቹ ቁጥር ያባዛል። ለ90 ደቂቃ የተደረገና 4 የተባለ ልምምድ 360 ነጥብ ይሆናል። የሳምንቱ ድምር በድንገት እጥፍ ሆኖ ሲገኝ አደጋ አለ ማለት ነው።

ቁጥሩ ምን ይለውጣል?

መሣሪያውን ያለ አግባብ መንቀፍ አንፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም ሆነ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ደረጃዎችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ የወሰደው ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ የተሰለፉበት የባለሙያዎች ዓለም ፓወርን ሳይለኩ የሚሠለጠንበት አይደለም። ነገር ግን በዚያ ዓለም ከቁጥሩ በስተጀርባ ቁጥሩን አንብቦ የነገውን ልምምድ የሚወስን አሠልጣኝ አለ። ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ከሌለ ቁጥሩ ጌጥ ነው።

ከዚህም ሌላ የቁጥር ብዛት የሚያመጣው ፈተና አለ። በኖርዌይ የሚሠራው ተመራማሪ ስቲቨን ሳይለር እንዳሳየው የጽናት ስፖርት ታላላቅ አትሌቶች ከ10 ልምምዶቻቸው 8 ያህሉን የሚሠሩት በቀላል ደረጃ ነው። በፊቱ ዘወትር የሚያበራ ቁጥር የተደቀነበት ጀማሪ ግን የትናንቱን ቁጥር ዛሬ ለመብለጥ ይጓጓል፤ ቀላል መሆን ያለበትን ቀን ያከብደዋል። ከውጭ አገር የሚገኙ የልምምድ ዕቅዶችንም እንዳሉ መውሰድ አይገባም። በባሕር ጠለል ላይ የተለካ የዋት ቁጥር በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ለሚተነፍስ ሰው ስለሚከብደው እያንዳንዱ በሚኖርበት ከፍታ ራሱን መለካት አለበት።

በመጨረሻ ውይይታችንን ወደ ሦስት ጥያቄዎች አጠቃለልነው። አንደኛ፣ ይህ ቁጥር የነገውን ልምምዴን ይለውጣልን? ሁለተኛ፣ ይህንኑ ቁጥር በቀለለ መንገድ ላገኘው አልችልምን? ሦስተኛ፣ በዚህ ገንዘብ ምክንያት ሳልገዛ የምቀረው ነገር ምንድን ነው? አሠልጣኝና የተጻፈ ዕቅድ ያለው፣ ፓወር ሜትር የገዛ ወይም ሊገዛ የተዘጋጀ፣ ወይም በማያውቀው አገር ረጅም መንገድ የሚጋልብና ካርታ የሚያስፈልገው ሰው ሦስቱንም መልሶ ኮምፒውተሩን ቢገዛ ገንዘቡ አልባከነም። ልምምዱን ገና ያላዘወተረ፣ ቁጥሩን የሚተረጉምለትም የሌለው ሰው ግን ቢታገሥ ይሻላል።

ወጣቱ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ያቺን ቁልቁለትና የፈነዳውን ጎማ ሳያስታውስ አልቀረም። በማግሥቱ አክስቱን ደውሎ ሁለት ጠንካራ ጎማዎች ከነከመነዳሪያቸው፣ አንድ የራስ መከላከያ ቆብና ከስልኩ ጋር የሚገናኝ የደረት የልብ ምት ቀበቶ እንዲያመጡለት ጠየቃቸው። አክስቱም ዋጋውን ደምረው፣ “ይኼማ የሰው ዋጋ ነው፤ ለእናትህም የሚሆን ይተርፈኛል” ብለው ሳቁ።

ባለፈው እሑድ አንድ ዳገት መርጠን ከግርጌውና ከአናቱ ምልክት አደረግን፤ ከፍታውንም አሰላን። የወጣቱ የመጀመሪያ ሰዓት በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሰፍሯል። እናንተም በአቅራቢያችሁ ያለ ዳገት ካለ ሞክሩት። የራሳችሁንና የብስክሌታችሁን ክብደት፣ የዳገቱን ከፍታና የፈጀባችሁን ሰከንድ ያዙ፤ ቀሪውን ስሌት የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ ይጨርስላችኋል። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ያንኑ ዳገት ስትወጡ፣ ያ ውድ ኮምፒውተር ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ከእኛ ይልቅ ደብተራችሁ ይነግራችኋል።